መታወቂያው፣ አፈሩና የዚንክ ጣቶች

ባለፈው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ አንድ ሰው የቁጠባ ደብተር ሊያወጣ ወደ መስኮቴ ቀረበ። ቀረበ ያልሁት ድምፁን ሰምቼ ነው፤ ከመስኮቱ ደፍ በላይ የታየኝ የጋቢው ጫፍና ግንባሩ ብቻ ነበር። ከወንበሬ ብድግ ብዬ ብመለከተው አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። «ማሙሽ፣ አባትህን ጥራልኝ» አልሁት። እርሱም የቀበሌ መታወቂያውን በሁለት እጁ አቀረበልኝና፣ ሳይቆጣ፣ ደጋግሞ የመለሰው መልስ መሆኑን በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ አባትማ እኔው ነኝ፤ ለልጄ ብዬ ነው የመጣሁ» አለኝ። መታወቂያው ሃያ ሦስት ዓመት ይላል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። መታወቂያውን ወደ ብርሃን አዞርሁ፤ ማኅተሙን በአውራ ጣቴ ፈተግሁ፤ ፎቶግራፉንና ፊቱን አስተያየሁ፤ በመጨረሻም «ምስክር ይዘህ ና» አልሁት። ከሰልፉ ውስጥ የሳቀ ሰው ነበር። ሰውየው ወደ ገበያው ወጥቶ ሁለት ጎረቤቶቹን ይዞ ተመለሰና ደብተሩ ተከፈተለት። የዚያን ቀን ማታ ሣጥኔን ስቆጥር ልክ መጣ፤ ልቤ ግን ጎደለ።

እዚህ ቁንዝላ፣ በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ምድር ስሠራ አራተኛ ዓመቴ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎርጎራ የሚያዘግመው ጀልባ ለብዙ ዘመን ይቆምባት የነበረች ከተማ ናት። የተማርሁት የሒሳብ ትምህርት ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እሞካክራለሁ። ስለ ሕዋስና ስለ ፕሮቲን የማውቀው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተረፈኝን ነበር። ነገር ግን ያ መታወቂያ እንቅልፍ ነሣኝ። የአንድ ሰው ዕድሜና ቁመት ለምን ይጣላሉ? ይህን ጥያቄ ይዤ ማንበብ ጀመርሁ፤ ንባቡም ካላሰብሁት አገር አደረሰኝ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጋችሁ ውሰዱልኝ።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1958 በፋርስ ምድር፣ በሺራዝ ከተማ ነው። የገጣሚዎቹ የሐፊዝና የሳዲ መቃብር ያለባት ሺራዝ ማለቴ ነው፤ ለእኔ ቢጤ ከዚህ ቀደም በዚሁ ብቻ የምትታወቅ። በዚያ ዓመት አናንዳ ፕራሳድ የሚባል ሠላሳ ዓመት የሞላው ሐኪም በከተማዋ ያገለግል ነበር። በሕንድ አገር በቢሃር ተወልዶ፣ በአሜሪካ ተምሮ የመጣ ነው። አንድ በሽተኛ አሳዩት። የበሽተኛው ዕድሜ 21 ዓመት ነው፤ መልኩና ቁመናው ግን የአሥር ዓመት ልጅ። ጢም አላበቀለም፤ የወንድነት ምልክት አልታየበትም፤ ጉበቱና ጣፊያው አብጠዋል፤ ደሙ ቀጥኗል። ሥጋ አይቀምስም፤ ዋናው ምግቡ የስንዴ ቂጣ ነው። ከዚህም ሌላ በየቀኑ ግማሽ ኪሎ ያህል አፈር ይበላ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ አፈሩ ላይ ስደርስ ንባቤን አቋረጥሁ። ምክንያቱን ኋላ እነግርሃለሁ።

ፕራሳድ የገረመው የደሙ መቅጠን አልነበረም። ደም ብረት ሲያጣ እንደሚቀጥን ያኔም ይታወቅ ነበር። የገረመው ቁመቱና ያልመጣው ጉልምስና ነው፤ ብረት ማጣት ብቻውን እንዲህ ሲያደርግ አልታየምና። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ የመሰሉ ሌሎች ወጣቶች መጡ። እነዚህም ድኃ ገበሬዎች፣ ቂጣ የሚበሉ፣ አፈር የሚበሉ ነበሩ። ሐኪሙ በእንስሳት ላይ የተሠራውን የቆየ ምርምር አስታወሰና፣ ከብረቱ ጋር የጎደለ ሌላ ማዕድን ይኖር ይሆን ብሎ ጠረጠረ። በ1961 ጥርጣሬውን በሕክምና መጽሔት አሳተመ፤ ከዚያም ወደ ግብፅ ተሻግሮ፣ በካይሮ ዙሪያ ካሉ መንደሮች እንዲሁ ሳያድጉ የቀሩ ወጣቶችን መረመረ። በደማቸው ፈሳሽና በፀጉራቸው ያለው ዚንክ እጅግ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ዚንክ ሲሰጣቸው በአንድ ዓመት ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ ያደጉ ነበሩ፤ ጢም አቆጠቆጠ፤ ድምፅ ጎረነነ።

ዚንክ! እኛ አገር ዚንክ ቢባል የሚታወቀው በቤት ጣሪያ ነው። ቆርቆሮው አዲስ ሳለ ከሐይቁ ማዶ የሚያብለጨልጨው ብረቱ አይደለም፤ ብረቱ እንዳይዝግ የተቀባው የዚንክ ልባስ ነው። ይኸው ማዕድን በአዋቂ ሰው ገላ ውስጥም ከ2 እስከ 3 ግራም ያህል አለ። እኔ ከምቆጥረው የአንድ ብር ሳንቲም ይቀልላል። ይህችን ታህል ነገር ማጣት ሰውን ሊያሳጥር ይችላል ብሎ ማመን ለዘመኑ ሐኪሞች ከበደ፤ ዚንክ በአፈሩም በውኃውም ሞልቶ ሳለ ማን ያጣዋል ይሉ ነበር። ፕራሳድ ብዙ ዓመት ተከራከረ። በ1974 የአሜሪካ የምርምር ምክር ቤት ሰው በየቀኑ ሊያገኘው ከሚገባው የምግብ ዝርዝር ውስጥ ዚንክን አስገባው። ፕራሳድ በ2022 በዘጠና አራት ዓመቱ አረፈ።

ለነገሩ ፍንጩ ከእርሱ በፊት ነበር። ፈረንሳዊው ዡል ሮላን ጥቁር ሻጋታ ያለ ዚንክ እንደማይበቅል ያሳየው በ1869 ነው፤ አይጦችም ያለ ዚንክ እንደማያድጉ በ1934 ታውቋል። ሻጋታና አይጥ ቀድመውናል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ዚንክ ለዕድገት እንደሚያስፈልግ ይነግረናል እንጂ ምን እንደሚሠራ አይነግረንም። ባለሥልጣን ቢሮው ሲገባ ሥራ እንደሚቀና፣ ሲቀር እንደሚቆም የምናውቅ ነን፤ ውስጥ ገብተን ምን እንደሚፈርም ግን አላየንም። ወደ ውስጥ ያስገባችን እንቁራሪት ናት።

በአፍሪካ የጣቷ ጫፍ ጥፍር ያለው፣ ምላስ የሌላት፣ ዕድሜዋን በኩሬ የምትፈጅ የእንቁራሪት ወገን አለች። የሳይንስ ሰዎች «ዜኖፐስ» ይሏታል። የደቡብ አፍሪካይቱ ዝርያ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ የታወቀች ናት። የእኛም ደጋ የራሱ ዝርያ አለው፤ ጣሊያናዊው ፔራካ በ1898 ከኤርትራ ደጋ ባገኛቸው ላይ ተመሥርቶ ስም ያወጣላት ዝርያ በኢትዮጵያ ደጋዎችም ትኖራለች። ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ዳር፣ ከደንገሉ ሥር የሚነሣውን የእንቁራሪት ጩኸት ስሰማ እንደ ድሮው አልሰማውም።

የዚች እንቁራሪት ያልበሰለ እንቁላል አንድ ፕሮቲን አከማችቶ ይይዛል። ይህን ፕሮቲን በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ይመረምር የነበረው አሮን ክሉግ ነው። ክሉግ በ1926 በሊትዌኒያ ተወልዶ፣ በሁለት ዓመቱ ወላጆቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወስደውት በደርባን ያደገ፣ በ1982 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። ከተማሪው ከጆናታን ሚለር ጋር ፕሮቲኑን ሲያነጥሩ ይበታተንባቸው ነበር። ማዕድን የሚነጥቅ ኬሚካል ሲነካው ይፈርሳል። ቢለኩት በእያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ ከ7 እስከ 11 የሚደርሱ የዚንክ አቶሞች አገኙ። የፕሮቲኑ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ሲታወቅ ደግሞ አንድ ዓይነት ሐረግ ዘጠኝ ጊዜ ሲደጋገም ታየ፤ ልክ እንደ ግጥም አዝማች። በያንዳንዱ አዝማች ውስጥ ሁለት ሲስቲንና ሁለት ሂስቲዲን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች በቋሚ ቦታቸው አሉ። ክሉግና ባልደረቦቹ በ1985 ያሳተሙት ሐሳብ ይህ ነበር፦ እነዚያ አራቱ አንዲትን የዚንክ አቶም ከአራት ወገን ይይዟታል፤ እርሷም በፈንታዋ የላላውን የፕሮቲን ክር እንደ ጣት አጥፋ ታቆመዋለች። ስሙም ከዚያ ወዲህ «የዚንክ ጣት» ሆኖ ቀረ።

ጣቱ ምን ያደርጋል? ፊደል ይቆጥራል። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፋችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ልጅ ፊደል ሲቆጥር በስንጥር እንጨት ፊደሉን እየነካ ነው። በሕዋሳችን ማህደር ውስጥ የተጠቀለለው ዲ.ኤን.ኤ በአራት ፊደላት የተጻፈ ረጅም ብራና ነው፤ የዚንክ ጣት ያላቸው ፕሮቲኖች ደግሞ ጣታቸውን በብራናው ጎድጓዳ እያሳለፉ የተወሰነችን ቃል ፈልገው የሚያገኙ አንባቢዎች ናቸው። ቃሏን ሲያገኙ በዚያ ቦታ ላይ ያለው ጂን ይነሣል፣ ወይም ይታገዳል። በሰው ልጅ ዘረመል ውስጥ እንዲህ ያሉ ጣቶች ያሏቸው ፕሮቲኖች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ዚንክን የሚይዙ ፕሮቲኖች በጠቅላላው ሲታዩ ደግሞ ከሰው ፕሮቲኖች አንድ አሥረኛ ያህሉ እንደሆኑ ተገምቷል።

ከዚህ ብዙ ነገድ መካከል እኔን የማረከኝ አንድ አነስተኛ ቤተሰብ ነው፤ አራት ወንድማማች ፕሮቲኖች። የወል ስማቸው በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ «ኢ.ጂ.አር» ይባላል፤ ወደ እኛ ብንመልሰው «ለዕድገት ቀድሞ የሚነሣ» እንደ ማለት ነው። የበኩሩ ታሪክ ያስቃል። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች አንዱ ከሌላው ሳይማከር አገኙትና እያንዳንዱ ክርስትና አነሣው፤ አንዱ ዚፍ 268፣ አንዱ ክሮክስ 24፣ አንዱ ኤን.ጂ.ኤፍ.አይ ኤ፣ አንዱ ኢ.ጂ.አር 1 አለው። በአራት ስም የሚጠራ አንድ ሕፃን ሆነ። በእኔ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ አራት ደብተር ያወጣ ነበር።

እንዴት እንደተገኘ ልብ በሉ። የአይጥ ሕዋሳትን በሳህን አድርገው ምግብ አሳጧቸው፤ ሕዋሳቱም መከፋፈላቸውን ትተው እንደ ደረቅ ዘር ዝም አሉ። ከዚያም ከደም የተጣራ ፈሳሽ አፈሰሱላቸው፤ ይህ ለሕዋስ የዕድገት ጥሪ ነው። ጥሪው በደረሰ በደቂቃዎች ውስጥ ከሁሉ ቀድመው ከሚነሡት ጂኖች አንዱ ይኸው ነበር። በግማሽ ሰዓት ገደማ ይበረታል፤ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። ለራሱ የሚያርሰው የሚዘራው የለውም። ነጋሪት ነው፤ ጎስሞ ይመለሳል፤ ነጋሪቱን የሰሙት ሌሎች ጂኖች ናቸው ሥራውን የሚሠሩት። በ1991 ፓቭሌቲችና ፓቦ የዚህን ፕሮቲን ጣቶች ከዲ.ኤን.ኤ ጋር እንደተያያዙ በኤክስሬይ ሥዕላቸውን አወጡ። ሦስት ጣት አለው፤ እያንዳንዱ ጣት ወደ ሦስት ፊደል ይነካል፤ ዘጠኝ ፊደል ያላት አንዲት ቃል። በየጣቱ ሥር አንዲት የዚንክ አቶም ተቀምጣለች። ዚንኳ ፊደሉን አትነካም፤ ጣቱን ቀጥ አድርጋ መያዝ ብቻ ነው ሥራዋ።

ይህ ጂን እንዲጠፋባቸው የተደረጉ አይጦች ምን ሆኑ? በ1996 እና በ1998 የወጡት ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሴቶቹ መከኑ፤ ቁመናቸውም አነሰ። ከአንጎል ሥር ባለችው እጢ ውስጥ የዕድገት ሆርሞን የሚያመነጩት ሕዋሳት ተመናምነው ተገኙ። ዕድገትና ጉልምስና አንድ ላይ። ይህን ሳነብ የሺራዙ ወጣት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የእርሱ ሕመም የዚህ አንድ ጂን ሕመም ነበር ማለቴ አይደለም። ዚንክ ሲጎድል በብዙ በር ይጎድላል፤ ዲ.ኤን.ኤ በሚቀዱት ኢንዛይሞች በኩል፣ የወንድነትንና የሴትነትን ሆርሞን በሚቀበሉት ፕሮቲኖች በኩል፤ እነርሱም የዚንክ ጣት አላቸው። የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ሆኖም ሕዋስ እንዲያድግ ሲታዘዝ ትእዛዙን የሚያነቡት ጣቶች በዚች ማዕድን የቆሙ መሆናቸውን ካወቅሁ ወዲህ፣ የቁመት ነገር ለእኔ የዘር ወይም የዕድል ነገር ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ይኸው ነጋሪት በአንጎልም ውስጥ ይጎሰማል። በ2001 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ይህ ጂን የሌላቸው አይጦች የተማሩትን ለአጭር ጊዜ ይይዛሉ፤ ለቀናት ማቆየት ግን አይሆንላቸውም። ዳዊት በቃሉ የሚደግም ተማሪም ሆነ ቅኔ በልቡ የሚይዝ ሰው በእነዚህ ጣቶች ሳይጠቀም አይቀርም።

ወደ አገራችን ልመለስ። ፕራሳድ በካይሮ ዚንክ ሲለካ በነበረበት በ1960ዎቹ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮጵያና የስዊድን የሕፃናት የምግብ ጥናት ክፍል ተቋቁሞ ነበር። ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው አማርኛ አሳምሮ ያውቃል፤ ልጁ ፋፋ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለእናት አይተረጎምላትም። በዚያን ዘመን በዓለም ሁሉ የሕፃናት አለማደግ ምክንያቱ የፕሮቲን ማነስ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ፋፋም ከእህልና ከጥራጥሬ፣ ፕሮቲን እንዲኖረው ተደርጎ ተዘጋጀ። መልካም ምግብ ነበር፤ እኔም በልቼዋለሁ። ዚንክ ግን ገና የተከራካሪዎች ጉዳይ ነበር።

የዚንክን ነገር በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ የፈተነው ዶክተር መላኩ ኡመታ ነው። እርሱና ዶክተር ጀማል ሃይዳር፣ ከኔዘርላንድስ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ በአርሲ በዶዶታ ሲሬ ወረዳ ከ6 እስከ 12 ወር የሆናቸው 200 ሕፃናትን መዘገቡ፤ መቶዎቹ የቀነጨሩ፣ መቶዎቹ ያልቀነጨሩ። ከየወገኑ ለግማሾቹ በሳምንት ስድስት ቀን 10 ሚሊ ግራም ዚንክ፣ ለግማሾቹ ዚንክ የሌለበት አምሳያ ለስድስት ወር ተሰጠ። ውጤቱ በ2000 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ወጣ። ዚንክ ያላገኙት የቀነጨሩ ሕፃናት በስድስት ወር 2.8 ሳንቲ ሜትር ሲያድጉ፣ ያገኙት 7 ሳንቲ ሜትር አደጉ። ተቅማጡ፣ ሳሉ፣ ትኩሳቱ ቀነሰ፤ ምግብ አልፈልግም ማለትም ቀነሰ። እኔ በቁጥር የምኖር ሰው ነኝ፤ ከቁጥር መካከል እንደ 2.8 እና 7 ያስደነገጡኝ ጥቂቶች ናቸው። አራት ሳንቲ ሜትር ከምን ትቆጠራለች ትሉ ይሆናል። የዓመት ልጅ ላይ አራት ሳንቲ ሜትር ብዙ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ኋላ ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች አንድ ላይ ሲደመሩ ዚንክ በቁመት ላይ ያለው አማካይ ውጤት አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም አይገርምም፤ ያልጎደለበት ልጅ ቢጨምሩለት አይረዝምም። በቆሸሸ ውኃ ሆዱ የሚታወክ፣ በረኃብ ወር የሚያድር ልጅም አንዲት ክኒን ብቻዋን አትደርስለትም። የዶዶታው ውጤት የሚነግረን ጉድለቱ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረ ነው። በ2021 የታተመ አገር አቀፍ የደም ምርመራ ጥናትም ዚንክ የጎደለበት ሰው በኢትዮጵያ ከግማሽ በእጅጉ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ከወዴት ጎደለ? በዚያው በ2021 ዶክተር ዳውድ ጋሹና ባልደረቦቹ፣ አማራ ክልልን ጨምሮ ከየአካባቢው ማሳ የሰበሰቡትን እህል መርምረው፣ ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ጤፍ ከበቆሎ ይልቅ በዚንክ የበለጸገ ነው፤ እህል የበቀለበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። እኛ አቸፈሮች ደግሞ በቆሎና ዳጉሳ ነን፤ ጤፉ ከጎተራ ይልቅ ወደ ገበያ ይቀናዋል። ሁለተኛው ነገር ከመጠኑ ይልቅ ይረቅቃል። እህል ለዘሩ ብሎ የሚያጠራቅመው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ይህ በሆድ ውስጥ ዚንክን አጥብቆ ይዞ ሳይሰጥ ያልፋል። ሬይንሆልድ የተባለ ተመራማሪ የሺራዝ ገጠሮችን ቂጣ መርምሮ በ1970ዎቹ መባቻ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ እርሾ ያልገባበት ቂጣ ፋይቴቱ ሳይነካ ይቀራል። ሊጥ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይሰባበራል፤ ዚንኩም ይለቀቃል። መላኩ ኡመታና ባልደረቦቹ የኢትዮጵያን ምግቦች መርምረው በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ የቦካ እንጀራ ካልቦካው የተሻለ መሆኑን አሳይተዋል። ሦስት ቀን የተቀመጠ ቡሃቃ፣ ያ ቤቱን የሚያሸተው ኮምጣጣ ሊጥ፣ አያቶቻችን ለጣዕሙ ብለው ያቆዩት፣ ከፋርስ ቂጣ የሚለየን ነገር ነው።

በ2015 መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ቃል ኪዳኑ በዋግ ኽምራዋ በሰቆጣ ስም ተሰየመ። በዓመቱ በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። ያ ባለ መታወቂያ ሰው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ምስክር አልጠየቅሁትም። ስለ ልጁ ጠየቅሁት። «ደኅና ናት፤ ጤና ኬላ ወስደን አስለካናት» አለኝና በእጁ ከመሬት ያለውን ልክ አሳየኝ። መስኮቱ ከለከለኝና እጁን አላየሁትም።

አሁን ወደ አፈሩ እመለሳለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሕፃን ሳለ አፈር ይበላ ነበር። ክረምት ሲሆን፣ ግድግዳው ሲርስ፣ ምርጊቱን በጥፍሩ እየፋቀ ይልሳል። እናቴ ያላደረገችው የለም። በርበሬ ቀባችው፤ ጠበል አጠመቀችው፤ የሰው ዓይን ነው ብላ ክታብ አሰረችለት፤ ሁሉም አልሆን ሲል አርጩሜ ቆረጠች። ሐምሌና ነሐሴ የአረም ወቅት ነው፤ ሊጥ ለማቡካት ጊዜ የለም፤ የምንበላው የበቆሎ ቂጣ ነበር። ወንድሜ ዛሬ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፤ ትከሻዬ ጋ ነው የሚደርሰው፤ እኔም ረጅም አይደለሁም። ደሙን የለካለት አልነበረም። ፕራሳድና ተከታዮቹ ግን አፈሩ ራሱ በአንጀት ውስጥ ብረቱንና ዚንኩን እየያዘ ጉድለቱን ያባብሳል ብለው ጽፈዋል፤ ብረት የጎደለበት ሰው አፈር እንደሚያምረውም የታወቀ ነው። ልጁ ባለጌ አልነበረም፤ የጎደለው ነገር ነበር።

ባለፈው የገና በዓል ቤት ስሄድ ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኋት። ስለ ፋርሱ ሰው፣ ስለ ቂጣው፣ ስለ አፈሩ። ምጣድ ላይ ነበረች። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ያ ሰው ኋላ አደገ?» አለችኝ።

«አዎ እማ፤ ሆስፒታል ሥጋና ወተት ሲያገኝ፣ የብረት መድኃኒት ሲሰጠው ጉልምስናው መጣ።»

«እሰይ፤ እንኳን ሆነለት» አለች። አክንባሎውን አንሥታ እንጀራውን በሰፌድ አወጣች፤ ምጣዱን ወለወለች፤ ሊጡን ቀድታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ታዲያ ያ ሁሉ አርጩሜ ለምን ነበር?»

የምመልስላት አልነበረኝም። ትንሽ ቆየችና፣ «እሳቱን ቆስቁሰው» አለችኝ።